«ይመለሳሉ» እና «አይመለሱም»፦ የቤኬርን ግጥም ቀለም በቀለም ስንቆጥር

ብርቱካን_ሰፈር፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የምኖረው ቫሌንሲያ ነው። ማታ ማታ ስፓኝኛ እማራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ግጥም መርጣችሁ «ኮሜንታሪዮ» (የግጥም ትንታኔ) ጻፉ ተባልን። እኔም የስፔናዊውን ገጣሚ የጉስታቮ አዶልፎ ቤኬርን የወፎቹን ግጥም ይዤ ቁጭ አልኩ። ፍቅረኞች ተለያዩ፣ ወፎች መጡ ሄዱ፣ የሰውየው ልብ ተሰበረ እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ወረቀቴ ሲመለስ በቀይ እስክርቢቶ አንድ ነገር ብቻ ተጽፎበታል፦ «ታሪኩን ነግረሽኛል፤ ግጥሙስ የታለ?»

ተናደድኩ። በነጋታው ግን መምህሬ እውነቷን ነው አልኩ። አሁን የስንኙን ልክ፣ ቤት አመታቱንና ድግግሞሹን ተንትኜ እንደገና ማስገባት አለብኝ። ችግሩ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንጓዎች (አራት አራት ስንኝ ያላቸውን ክፍሎች) እንደሚነበቡ በፊደላችን ልጻፋቸው።

ቦልቤራን ላስ ኦስኩራስ ጎሎንድሪናስ
ኤን ቱ ባልኮን ሱስ ኒዶስ አ ኮልጋር፣
ኢ ኦትራ ቤስ ኮን ኤል አላ አ ሱስ ክሪስታሌስ
ሁጋንዶ ያማራን።

ፔሮ አኬያስ ኬ ኤል ቡዌሎ ሬፍሬናባን
ቱ ኤርሞሱራ ኢ ሚ ዲቻ አ ኮንቴምፕላር፣
አኬያስ ኬ አፕሬንዲዬሮን ኑዌስትሮስ ኖምብሬስ…
ኤሳስ… ኖ ቦልቤራን!

በደምሳሳው ሲተረጎም፦ ጥቁሮቹ ወፎች በሰገነትሽ ላይ ጎጇቸውን ሊሰቅሉ ይመለሳሉ። እንደገናም መስታወቱን በክንፋቸው እየነኩ፣ እየተጫወቱ ይጣራሉ። ግን እነዚያ፣ ውበትሽንና ደስታዬን ለማየት በረራቸውን ይገቱ የነበሩት፣ እነዚያ ስማችንን ያጠኑት… እነሱ… አይመለሱም!

የየስንኙን ቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚወጣውን የድምፅ ቁራሽ፣ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው አንጓ 11፣ 10፣ 13፣ 6 መጣልኝ። ሁለተኛው ደግሞ 13፣ 13፣ 12፣ 6። መጽሐፉ 11፣ 11፣ 11፣ 7 ነው ይላል። እኔ ነኝ ወይስ መጽሐፉ?


ፍሬን_የለኝም፦

ፍቅር ላይ ካልኩሌተር ይዞ መውጣት 😂 ሰውየው ልቡ ተሰብሮ፣ እናንተ ቀለም ትቆጥራላችሁ።


ኢስላ_85፦

ብርቱካን፣ ስምሽ ራሱ ትዝታዬን ቀሰቀሰው። ይህን ግጥም በቃሌ የያዝኩት ኩባ ነው፤ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በሚባለው ደሴት። ያኔ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች እዚያ እንማር ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የብርቱካን እርሻ ላይ። ኩባዎች የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ስለሚውጧት እኛም «ላ ኦኩራ ጎሎንድሪና» እያልን ነበር የምንወጣው። መምህሩም አይቆጣም፤ እሱም እንደዚያው ነው የሚለው።

ወደ ጥያቄሽ። መጽሐፉ ልክ ነው። አንቺም አልተሳሳትሽም፤ ሁለት ሕግ ነው የቀረሽ።

አንደኛው ሲናሌፋ ይባላል። አንድ ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩ በአናባቢ ከጀመረ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ቀለም ይሆናሉ። ስፓኝኛ «H» የምትባለውን ፊደል ስለማያነብ በእሷ የሚጀምር ቃልም እንደ አናባቢ ነው የሚቆጠረው። ሦስተኛውን ስንኝ እንዲህ በይው፦ ዮ-ትራ-ቤስ-ኮን-ኤል-አ-ላ-ሱስ-ክሪስ-ታ-ሌስ። 11። «ኢ ኦትራ» የሚለው «ዮትራ» ሆነ፤ «አላ አ» የሚለውም «አላ» ሆኖ ቀረ። ከ13 ሁለት ወደቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕግ የስንኙ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው። የመጨረሻው ቃል ጉልበቱ (ጠንከር ተብሎ የሚነበበው ቦታ) በመጨረሻዋ ቀለም ላይ ካረፈ፣ እንደ «ኮልጋር»፣ አንድ ትጨምሪያለሽ። ይህ ዓይነት ቃል አጉዳ ይባላል። ጉልበቱ ከመጨረሻዋ በፊት ባለችው ላይ ካረፈ፣ እንደ «ጎሎንድሪናስ»፣ ምንም አትነኪም። እሱ ያና ነው። ጉልበቱ ከዚያም ወደ ኋላ ከሄደ አንዷን ትቀንሻለሽ፤ ኤስድሩሁላ ይባላል። ስለዚህ «ኤን ቱ ባልኮን ሱስ ኒዶስ አ ኮልጋር» በጣት 10 ነው፤ በግጥም 11። «ሁጋንዶ ያማራን» በጣት 6፤ በግጥም 7።

ይቺን አንድ መጨመር እንደ ማጭበርበር አትዪያት። ጆሮ የለመደው ከጠንካራዋ ቀለም በኋላ አንዲት ደካማ ቀለም ስትከተል ነው። ካልተከተለች ቦታዋ ባዶ ሆኖ ይሰማል። ዝምታዋም ትቆጠራለች።


ብርቱካን_ሰፈር፦

ኦ! ሁለተኛውንም አንጓ ቆጠርኩት፤ ገጠመ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ አስቸገረኝ። የመጨረሻው አንጓ የመጀመሪያ ስንኝ «ፔሮ ሙዶ ኢ አብሶርቶ ኢ ዴ ሮዲያስ» ይላል። በሲናሌፋ ሕግ ሁሉንም ሳጣብቀው 10 ሆነብኝ። አሁን ደግሞ አነሰ!


ኢስላ_85፦

ጎበዝ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የተሰናከልሽው። «ሙዶ ኢ አብሶርቶ» ውስጥ «ኢ» በሁለት አናባቢዎች መካከል ገባች። እንዲህ ስትሆን ከፊቷ ካለው ጋር አትጣበቅም። ወደ «የ» ተለውጣ ከኋላዋ ያለውን ትይዛለች። ፔ-ሮ-ሙ-ዶ-ያብ-ሶር-ቶይ-ዴ-ሮ-ዲ-ያስ። 11። ሁለተኛዋ «ኢ» ግን ቀጥሎ «ዴ» ስለመጣ ከ«ቶ» ጋር ተጣበቀች።


የጠመኔ_ዘመን፦

ከ30 ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬአለሁ። ስፓኝኛ አልችልም። ክሩን ሳየው ግን ማለፍ አቃተኝ።

እኛም ቀለም እንቆጥራለን። የወል ቤት የምንለው 12 ቀለም ነው፤ ስድስት በስድስት ይከፈላል፣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ አለ። ተማሪዎቼ ሁሌም የሚሳሳቱት ሳድስ ላይ ነበር። ፊደል ይቆጥሩና ቀለም የቆጠሩ ይመስላቸዋል። ብርቱካን በፊደላችን የጻፈችውን የሚቆጥር ሰውም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። «ድሪ» ሁለት ፊደል ናት፣ ግን አንድ ቀለም። «ቦል»ም እንዲሁ። በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ኢስላ። ይሄ ግጥም ቤት የሚመታው የት ነው? «ኮልጋር» ብሎ «ያማራን» ይላል። አንዱ በ«ር»፣ አንዱ በ«ን» አለቀ። የእኔ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍ ቤቱ አልደፋም ብዬ ነው የምመልስለት።


ኢስላ_85፦

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩት። እኛ የመጨረሻው ፊደል ከነተነባቢው ካልገጠመ ቤት መታ አንልም። ስፓኝኛ ሁለት ዓይነት አለው። ከጠንካራዋ አናባቢ ጀምሮ ሁሉም ድምፅ ከገጠመ ኮንሶናንቴ ነው። አናባቢዎቹ ብቻ ከገጠሙ አሶናንቴ ነው፤ ተነባቢው የፈለገውን ይሁን። የድሮ የሕዝብ ግጥሞቻቸው፣ ሮማንሴ የሚሏቸው፣ በአሶናንቴ ነው የሚሄዱት፤ ጥንድ ስንኞቹ (2ኛ፣ 4ኛ…) ብቻ ይገጥማሉ፣ ነጠላዎቹ (1ኛ፣ 3ኛ…) ልቅ ናቸው።

ቤኬርም ይህንን ነው የያዘው። ጥንድ ስንኞቹን ብቻ ተመልከቱ፦ ኮልጋር፣ ያማራን፣ ኮንቴምፕላር፣ ቦልቤራን፣ ኤስካላር፣ አብሪራን፣ ቴምብላር፣ ቦልቤራን፣ ሶናር፣ ዴስፔርታራ፣ አልታር፣ ኬራን። 12 ስንኝ፣ አንድ አናባቢ፦ «አ»። ግጥሙ 24 ስንኝ ነው። ከላይ እስከ ታች በአንዲት «አ» ነው የሚተነፍሰው። ያቺም «አ» ሁልጊዜ የመጨረሻዋና ጠንካራዋ ናት። ነጠላዎቹ ስንኞች ለስላሳ ሆነው ያልቃሉ፤ ጥንዶቹ ጠብ ይላሉ። ለስላሳ፣ ጠብ፣ ለስላሳ፣ ጠብ። ጠቡ ደግሞ በየአንጓው መጨረሻ አጭር ስንኝ ላይ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ስበሽ አራተኛው ላይ መሬቱ የጎደለ ያህል ነው።


ነጠላ_ጫማ፦

ይቅርታ ግን አንድ ልጠይቅ። ግማሹ ቤት በትንቢት ግስ ነው የሚመታው፤ ያማራን፣ ቦልቤራን፣ አብሪራን። ሌላው ከ«አልታር» በቀር በ«አር» የሚያልቅ ግስ ነው። ይሄ ርካሽ አይደለም እንዴ? እኛ ጋ «መጣ፣ ወጣ፣ ቆጣ» እያለ የሚገጥም ሰው ይሳቅበታል።


የጠመኔ_ዘመን፦

ነጠላ ጫማ እውነቷን ነው። ግስ በግስ መምታት ለእኛም የሰነፍ መንገድ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤቱ በራሱ ይመጣልሃል፤ ለዚህ ነው ጎበዝ ገጣሚ የሚሸሸው።


ኢስላ_85፦

ርካሽ መሆኑን አልክድም። ልዩነቱ ግን ስፓኝኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እንዲያስቀምጥ የሚያስገድደው ነገር የለም። እንዲያውም ቤኬር ዋናውን ግስ ከሁሉም በፊት፣ የመጀመሪያው ቃል አድርጎታል። የመጀመሪያውን አንጓ በ«ቦልቤራን» ይጀምራል፣ ሁለተኛውን በ«ኖ ቦልቤራን» ይዘጋል። በሩና መዝጊያው አንድ ቃል ነው። እና ያ ቃል ሁለት ጊዜ አንድ ትርጉም የለውም።

«ቦልቤር» ማለት መመለስ ነው። ከ«አ» እና ከሌላ ግስ ጋር ሲመጣ ግን «እንደገና ማድረግ» ይሆናል። «ቦልቤራን… አ ኮልጋር» ማለት «ተመልሰው ይመጣሉ» ብቻ ሳይሆን «ደግመው ይሰቅላሉ» ነው። በመካከሉ አንድ ስንኝ ተኩል ስላስገባበት መጀመሪያ ስትሰሚው «ይመለሳሉ» ነው የምትዪው። «አ ኮልጋር» ላይ ስትደርሺ «አሃ፣ ደግመው» ትያለሽ። አንጓ ሁለት ላይ «ኤሳስ ኖ ቦልቤራን» ሲል ግን ምንም የተንጠለጠለ ነገር የለም። ባዶውን መመለስ ነው። አይመለሱም፤ በቃ።

ስለዚህ የድግግሞሹ ቃል ራሱ ትርጉሙ «ድጋሚ» ነው። ብርቱካን፣ ወረቀትሽ ላይ ከዚህ ጀምሪ። መቁጠሩ የሚጠቅመው እዚህ ለመድረስ ነው።


ፍሬን_የለኝም፦

እሺ ካልኩሌተሬን ይዤ መጣሁ 🙋 ቀጥሉ።


ወፍ_ቆጣሪ፦

ከግጥሙ ትንሽ ወጣ ልበል። ጎሎንድሪና ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትንሽ ወፍ ናት። ጭቃ በአፏ እያመላለሰች ከጣሪያ ጠርዝ ስር ጎጆ ትሠራለች። ስፔን ውስጥ ጎጆዋን ማፍረስ በሕግ ክልክል ነው። በጸደይ ትመጣለች፤ በመከር ትሄዳለች። የት ትሄዳለች? ወደ አፍሪካ፣ ከሰሃራ በታች። የአውሮፓ ክረምት ሲገባ እኛም ሽቦ ላይ ተደርድረው እናያቸዋለን። ቤኬር ሰገነቱን እያየ ሲተክዝ ወፎቹ ምናልባት የአንዱን ገበሬ ጎተራ ላይ ነበሩ።

ደግሞ ብዙዎቹ በየዓመቱ ወደዚያው ጎጆ ነው የሚመለሱት። ስለዚህ «እነዚያ አይመለሱም» የሚለው ከወፍ አንጻር እንኳ ያከራክራል።


ነጠላ_ጫማ፦

ወፍ ቆጣሪ ግጥሙን በማስረጃ አፈረሰው 😂


ብርቱካን_ሰፈር፦

😂😂 ይሄን ወረቀቴ ላይ አላስገባም። ጋሼ ኢስላ፣ ምቱስ? መጽሐፉ «3፣ 6፣ 10» የሚል ነገር አለው።


ኢስላ_85፦

ከ11ዱ ቀለም ጉልበት የሚያርፍባቸው ናቸው። ቦል-ቤ-ራን፦ ሦስተኛዋ። ኦስ-ኩ፦ ስድስተኛዋ። ድሪ፦ አሥረኛዋ። በጣትሽ ጠረጴዛ እየመታሽ አንብቢው። ስድስቱም አንጓዎች ሲከፈቱ በዚህ ምት ነው። «ፔሮ አኬያስ ኬ ኤል ቡዌሎ»ም 3፣ 6፣ 10። «ቦልቤራን ዴል አሞር ኤን ቱስ ኦይዶስ»ም 3፣ 6፣ 10። ስለዚህ ትርጉሙን የማያውቅ ሰው እንኳ አዲስ አንጓ ሲጀምር «ይሄን ሰምቼዋለሁ» ይላል።

ከዚህ ምት የሚወጡ ስንኞች አሉ፤ እሱ ብርቅ አይደለም። አንዱ ግን ሁሌ ጆሮዬን ይይዘዋል። አምስተኛው አንጓ ላይ «ቱ ኮራሶን ዴ ሱ ፕሮፉንዶ ሱዌኞ» ይላል፤ «ልብሽ ከከባድ እንቅልፉ…» ማለት ነው። እዚህ ጉልበቱ 4፣ 8 እና 10 ላይ ነው። ስድስተኛዋ ላይ ምንም የለም። በመሃል አንድ እርምጃ የተዘለለ ይመስል ስንኙ ይጎተታል። እንቅልፍ ላይ መሆኑ ደስ ይለኛል። አስቦበት ነው አልልም፤ ጆሮው ነው።


ቃለ_አጋኖ፦

ጋሽ ጠመኔ ይተርጉሙልን!! ሁለት አንጓ ብቻ!


የጠመኔ_ዘመን፦

ስፓኝኛ ሳልችል? ብርቱካን በደምሳሳው የሰጠችውን ይዤ ልሞክር እንጂ ትርጉም አትበሉት።

ይመለሳሉ ጥቁሮቹ ወፎች፣
ከሰገነትሽ ስር ጎጆ ሊሰቅሉ፤
ዳግመኛም በክንፍ መስኮትሽን ነክተው
እየቦረቁ ይጣራሉ።

እነዚያ ግን ክንፋቸውን አጥፈው፣
ውበትሽን፣ ደስታዬን ሲያዩ የዋሉ፣
ስማችንን ለይተው ያወቁት
እነሱ… አይመለሱም!

ግሱን ፊት አምጥቼዋለሁ። በአማርኛ ግጥም ይፈቀዳል፤ ይከብዳል ግን ይፈቀዳል። ቤቱንም በአንድ «ሉ» ልይዘው ሞከርኩ። መጨረሻው ላይ ተሰበረብኝ። «አይመለሱም» በ«ም» ያልቃል።

ይሄ የእኔ ስንፍና ብቻ አይደለም። ስፓኝኛ አፍራሹን «ኖ» ብሎ ከፊት ያስቀምጥና ቃሉን ሳይነካው ይተወዋል። ቦልቤራን፣ ኖ ቦልቤራን። አማርኛ ግን ግሱን ከፊትም ከኋላም ይይዘዋል፤ «አይ» ከዚህ፣ «ም» ከዚያ፣ መሃሉም ይለወጣል። «ይመለሳሉ» እና «አይመለሱም» ሲነበቡ አንድ ቃል አይደሉም። ግጥሙ ያንኑ ቃል ደግሞ ካላመጣው ምኑን ግጥም ሆነ?


ቃለ_አጋኖ፦

ጋሼ፣ «እነሱ… መች ይመለሳሉ!» ቢሆንስ?


የጠመኔ_ዘመን፦

ልጄ!

ቆይ ላንብበው። «ስማችንን ለይተው ያወቁት፣ እነሱ… መች ይመለሳሉ!» ቃሉ ሳይነካ ቀረ። ቤቱም መታ። «መች» ከፊት ቆማ እንደ «ኖ» ሠራች። እናቶቻችን «መች ይሰማል!» ሲሉ አይሰማም ማለታቸው አይደል? ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የበላሁት በከንቱ ነው።


ኢስላ_85፦

ቃለ አጋኖ፣ ቆንጆ ነው። አንዲት ቅሬታ ብቻ አለኝ። «መች ይመለሳሉ» ውስጥ ምሬት አለ፣ ትንሽ ወቀሳም አለ። «ኖ ቦልቤራን» ደረቅ ነው፤ ሐኪም ውጤት ሲናገር እንደሚለው። ከ«ኤሳስ» በኋላ ያሉት ሦስት ነጥቦችም ሥራ አላቸው። ሰውየው ቃሉን ከማውጣቱ በፊት ይቆማል። «መች» ካልሽ መቆሙ ወደ ማልቀስ ይሄዳል።


ቃለ_አጋኖ፦

ማልቀሱ መች ቀረለት ጋሼ 😅


ነጠላ_ጫማ፦

ወደ መጨረሻው አንጓ እንሂድ፤ እኔ እሱ ላይ ነው ጠብ ያለኝ። ብርቱካን እስቲ ጻፊው።


ብርቱካን_ሰፈር፦

ፔሮ ሙዶ ኢ አብሶርቶ ኢ ዴ ሮዲያስ
ኮሞ ሴ አዶራ አ ዲዮስ አንቴ ሱ አልታር፣
ኮሞ ዮ ቴ ኤ ኬሪዶ… ዴሴንጋኛቴ፣
አሲ… ኖ ቴ ኬራን!

«ግን ቃል አጥቶ፣ ፈዝዞ፣ ተንበርክኮ፣ እግዜር በመሠዊያው ፊት እንደሚመለክ፣ እኔ እንደወደድኩሽ… አትታለዪ፣ እንዲህ… አይወዱሽም!»


ነጠላ_ጫማ፦

ይኸው። ይሄ ፍቅር ነው? ይሄ ሟርት ነው። «እንደኔ የሚወድሽ አታገኚም» የሚል መልእክት በሌሊት ስምንት ሰዓት የደረሳት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። አምስት አንጓ ሙሉ ወፍና አበባ እያለ አባብሎ መጨረሻ ላይ ይረግማታል። ስፔን ውስጥ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይለዋል አሉ፤ ማንም ይሄን አያነሳም?


ፍሬን_የለኝም፦

በ1870 ስልክ ቢኖር ኖሮ ብሎክ ታደርገው ነበር።


ኢስላ_85፦

1870 እሱ የሞተበት ዓመት ነው። ሴቪያ በ1836 ተወልዶ ማድሪድ በ34 ዓመቱ አረፈ። ግጥሞቹን ሰብስበው በ1871 ያሳተሙለት ጓደኞቹ ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ጥራዝ ለአንድ ሚኒስትር ሰጥቶ ነበር። በ1868 አብዮት ሲነሳ ጥራዙ ጠፋ። ከትውስታው እንደገና ጻፋቸው። ይሄን የማነሳው ደስ ስለሚለኝ ነው። ደግሞ ስለመምጣትና ስለመድገም የሚያወራው ግጥም ራሱ በድጋሚ ከተጻፈ ደብተር ነው የመጣልን።

የነጠላ ጫማን ክስ ግን አልሸሸውም። ስንኙ ራሱ በከፊል ይመሰክርላታል። «ዴሴንጋኛቴ»ን ተመልከቱ። ጉልበቱ «ጋ» ላይ ነው፤ ከኋላው ሁለት ደካማ ቀለሞች አሉ። ኤስድሩሁላ ነው። ከ24ቱ ስንኞች በኤስድሩሁላ የሚያልቅ ይሄ ብቻ ነው። 22 ስንኝ ሙሉ ለስላሳ፣ ጠብ፣ ለስላሳ፣ ጠብ ሲል ኖሮ እዚህ ጋ ይደናቀፋል። በግጥሙ ውስጥ ያለው ትእዛዝም እሱ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ወፍ፣ ስለ አጥር ሐረግ፣ ስለ ጤዛ ሲያወራ ነበር። እዚህ ላይ ዞሮ ፊቷን አይቶ «አትታለዪ» አላት። ድምፁ የተሰበረው እዚያ ነው። ፍቅርም በይው ንዴትም፣ ሰውየው መረጋጋት አቅቶታል።


ነጠላ_ጫማ፦

እሺ፣ በዚህ እስማማለሁ። ሟርት ነው፣ ግን ልኩን የጠበቀ ሟርት 😏


የጠመኔ_ዘመን፦

እኔ ደግሞ «ኤሳስ» ወደ «አሲ» መለወጡ ነው የገረመኝ። ድምፁ ይቀራረባል አይደል? «እነሱ… አይመለሱም»፣ «እነሱ… አይመለሱም»፣ ከዚያ «እንዲህ… አይወዱሽም»። ሰሚው ሦስተኛውን «እነሱ» ጠብቆ አፉን ሲከፍት «እንዲህ» ይመጣበታል። አዝማች ነው፤ ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ዜማው ያው ሆኖ ቃሉ ተቀየረ። አዝማሪ ይህን ያውቀዋል። ተቀባዩ ሲለምድ ነው ቃሉን የሚቀይረው።


ኢስላ_85፦

ልክ ነው ጋሼ። «ቦልቤራን» አምስት ጊዜ ትመጣለች። አንጓ አንድ ላይ፣ ሁለት መጨረሻ፣ ሦስት ላይ፣ አራት መጨረሻ፣ አምስት ላይ። በሥርዓቱ ከሄደ ስድስተኛዋ የግጥሙ የመጨረሻ ቃል መሆን ነበረባት። ቦታዋ ላይ «ኬራን» ተቀመጠች። ያው ሰባት ቀለም፣ ያው «አ»፣ ያው የትንቢት ግስ። ቃሏ ግን አልተመለሰችም። ስለማይመለስ ነገር እያወራ ቃሉን ራሱን አስቀረው።


ቃለ_አጋኖ፦

ዋው። «መች ይመለሳሉ» ራሷ መች ተመለሰች!


ብርቱካን_ሰፈር፦

እናንተ ሰዎች። ትናንት ማታ እስከ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አሁን ማስረጃዬ ቁጥር ነው፣ እንባ አይደለም። አንድ ነገር ግን ራሴ ያገኘሁ መሰለኝ። ልክ መሆኑን ንገሩኝ።

አንጓ አንድ ላይ «ኢ ኦትራ ቤስ» ይላል፤ «እንደገናም»። አንጓ ሦስት ላይ፣ አበቦቹ ሲከፈቱ፣ ያው «ኢ ኦትራ ቤስ»። ሁለቱም ጊዜ ሦስተኛው ስንኝ መጀመሪያ ላይ ነው። አንጓ አምስት ላይ፣ ስለ ልቧ ሲናገር፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠበቅኩት፤ የለም። አንድ ስንኝ ዘግይቶ፣ በአጭሩ ስንኝ ላይ መጣ። የመጣው ግን «ኦትራ ቤስ» አይደለም። «ታል ቤስ» ነው፤ «ምናልባት»። «ታል ቤስ ዴስፔርታራ»፤ ምናልባት ይነቃል።

«ቤስ» የምትለዋ ቃል ያቺው ናት። ወፎቹ እንደገና፣ አበቦቹ እንደገና፣ ልቧ ምናልባት። ደግሞ «ዴስፔርታራ» በጥንድ ስንኞቹ ካሉት የትንቢት ግሶች ያለ «ን» የሚያልቀው እሱ ብቻ ነው፤ ልብ አንድ ስለሆነ። ሌሎቹ ሁሉ ብዙ ናቸው። ከ«ምናልባት» በኋላ ስለሆነ «ን»ዋ የጎደለች መስሎ ተሰማኝ። አበዛሁት?


የጠመኔ_ዘመን፦

«ን»ዋ ላይ ትንሽ አብዝተሻል። «ቤስ» ላይ ግን አላበዛሽም።


ኢስላ_85፦

ከ40 ዓመት በላይ ይህን ግጥም በቃሌ ስለው ኖሬያለሁ። ለሚስቴ ብዬላታለሁ፤ ለልጆቼም። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ለአንድ የማላውቀው ስፔናዊ ቱሪስት ሁሉ ብየዋለሁ። ኦትራ ቤስ፣ ኦትራ ቤስ፣ ታል ቤስ። አልሰማኋትም።

ብርቱካን፣ ወረቀቱ ሲመለስልሽ እዚህ ለጥፊው። ቀይ እስክርቢቶውንም ጭምር።